ዘር፣ ድቅል፣ ዲቃላ

በአማርኛችን ውስጥ እንደ «ዘር» ብዙ ሥራ የተጫነበት ቃል ያለ አይመስለኝም። ቡሬ ላይ በአንድ የገበያ ቀን ብቻ ይህን ቃል ከአራት ሰው አፍ በአራት ፍች ልትሰሙት ትችላላችሁ። ገበሬው «ዘር ገዝቼ ልመለስ» ሲል የበቆሎ ከረጢቱን ማለቱ ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ «የዘር ፍሬው ገና አልወረደም» ብሎ ለአንዲት እናት ሲያስረዳ ስለ ሕፃን ልጇ ገላ መናገሩ ነው። ጠላ ቤት የተቀመጡት ሽማግሌ «ዘሩስ ደህና ነው» ሲሉ ለጋብቻ የታሰበውን ጎልማሳ አያት ቅድመ አያት መቁጠራቸው ነው። ወደ ነቀምት በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው መንገደኛ ደግሞ ምን ማለቱ እንደሆነ ለዘመናችን አንባቢ ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ቃሉ ከግዕዙ «ዘርዐ» የወጣ ነው። አማርኛ ዐይኑን ውጦ «ዘር» ብሎ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉ ራሱ እንደ ዘር ተበትኖ በየቦታው በቀለ። ዝርያ፣ ዘረመል፣ ዘረኛ፣ ዘር ማጥፋት፣ ዘር ማንዘር። ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ንጉሥ ነበረን፤ ልጁን ዘርይሁን ብሎ የሚጠራ አባት ዛሬም አለን። አንድ ቃል ብዙ ፍች ቢኖረው መቼም ነውር የለበትም። ነገር የሚመጣው ለአንዱ ፍች እውነት የሆነውን፣ ማንም ሳያስተውለው፣ ወደ ሌላው ፍች ስናሻግረው ነው። ስለ ማሳ የምናውቀውን ስለ ገላ፣ ስለ ገላ የምናውቀውን ስለ ሰው ክብር እንናገራለን፤ ቃሉ አንድ ስለሆነ ድልድይ የተሻገርን አይመስለንም።

«የዘር ፍሬ» የሚለውን ስም እንውሰድ። ሐኪሞችና ጨዋ ተናጋሪዎች «ቆለጥ» ማለቱ ሲያሳፍራቸው የሚጠጉበት ስም ነው። ከአትክልት ቦታ ተነሥቶ ገላ ላይ ያረፈ መሆኑ ነው። ከእኛ በጣም ርቆ በሜክሲኮ ምድርም አትክልቱና ገላው በአንድ ቃል ተገናኝተዋል። አቮካዶ የሚለው ስም የመጣው አዝቴኮች ይናገሩት ከነበረው ከናዋትል ቋንቋ ነው፤ ፍሬውን «አዋካትል» ይሉታል። በዚያው ቋንቋ የወንድን የዘር ፍሬም በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር። መንገድ ዳር አቮካዶ ደርድረው መኪና የሚጠብቁት የጎጃም ልጃገረዶች ይህን ቢሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው እንደሚያስጠጉ እገምታለሁ።

ነገሩ ግን ከጨዋታ ያልፋል። «የዘር ፍሬ» የሚለው አጠራር አንድ ትልቅ እምነት ተሸክሟል፤ ዘር የወንድ ነው የሚል። ወንዱ ዘሪ፣ ሴቷ እርሻ። እርሻ ደግሞ ጤፍ ሲዘሩበት ጤፍ፣ ዳጉሳ ሲዘሩበት ዳጉሳ ያበቅላል እንጂ ከራሱ የሚጨምረው ዘር የለውም። አሪስጣጣሊስም ከዚህ ያልራቀ ሐሳብ ነበረው፤ ቅርጹን የሚሰጠው ወንዱ፣ ቁሱን የምታቀርበው ሴቷ ናት ይል ነበር። ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1677 የወንድን ዘር በአጉሊ መነጽር ሲንቀሳቀስ ካየ በኋላማ፣ በእያንዳንዷ ዘር ውስጥ አንድ ትንሽ ሰው ተጣጥፎ ተቀምጧል ብለው የጻፉ ሊቃውንት ተገኙ። የአጥቢ እንስሳት እንቁላል በካርል ፎን ቤር ዓይን የታየው 150 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1827 ነው። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ልጅ ግማሹን ዘረመል ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ እንደሚወስድ ያውቃል። ቋንቋችን ግን ወሬው የደረሰው አይመስልም።

የሚገርመኝ የጎጃም ገበሬ የቤርን አጉሊ መነጽር ሳይጠብቅ በመሬት ጉዳይ ሴቷን ቆጥሯት መገኘቱ ነው። በርስት ሥርዓት ዘመን አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው በአባቱ ብቻ አልነበረም፤ በእናቱ፣ በአባቱ እናት፣ በእናቱ እናት አባት እያለ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ወደ ላይ መውጣት ይችል ነበር። አሜሪካዊው አለን ሆበን ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ከዚያ ጥናት የምንረዳው አንድ ገበሬ የአንድ ዘር ሰው እንዳልነበረ ነው። በአንዱ የአያት መስመር እዚህ ይካፈላል፤ በሌላው መስመር ወንዝ ተሻግሮ እዚያ ይከራከራል፤ የማይጠቅመውን መስመር ይተወዋል፤ የተተወውንም ልጁ ነገ ሊያነሣው ይችላል። ዘር ቆጠራ ማለት ብዙ ከሆኑት አባቶችና እናቶች መካከል የሚያዋጣውን መርጦ መቁጠር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን ይህ ሁሉ ክርክር ቀረ፤ ዘር ቆጠራው ግን መሬቱን አጥቶ በአፍ ላይ ቀረና ይበልጥ ከረረ። መሬት የሌለው ዘር ቆጠራ ምን ይሠራል? ሰው ለመለየት ብቻ ይውላል።

ሌላም ነገር አለ። በዚያው አገር እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። ሽማግሌ ተቀምጦ በዚህም በዚያም ወገን ሰባት ትውልድ ይቆጥራል፤ የጋራ አያት ከተገኘ ጋብቻው ይፈርሳል። እስቲ ሒሳቡን እናስበው። ሰው ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት አለው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ 128 ይሆናሉ፤ አሥረኛው ላይ 1024። ወግ አጥባቂው ሽማግሌ በሰባት ቤት ሕጉ የሚያዘው እነዚህ 128 ሰዎች ከሩቅ ከሩቅ እንዲመጡ ነው። ባዕድ አምጣ፣ ተቀላቀል ይላል ባህሉ። ይኸው ባህል ዞር ብሎ «ንጹሕ ዘር» ሲል ስሰማ ግራ ይገባኛል።

ከ1024ቱ መካከል ማን ማን አለ? አባይን ተሻግሮ ከደቡብ የመጣው የጋፋት ሕዝብ በጎጃም ምድር ለዘመናት የራሱን ቋንቋ ሲናገር ኖሯል። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ የጋፋትኛ ጽሑፍ አስጽፎ ወስዷል። ቮልፍ ሌስላው በ1939 ዓ.ም. ገደማ ቋንቋውን ፍለጋ ጎጃም ሲወርድ ግን የሚናገሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው የተገኙለት። ቋንቋው ጠፋ። ሰዎቹ ግን ተኖ እንደሚጠፋ ጉም የትም አልሄዱም፤ አማርኛ ተናግረው፣ አግብተው፣ ወልደው እዚያው ናቸው። በሰሜን በኩል አገው አለ፤ ወደ ምዕራብ ሺናሻና ጉሙዝ፣ ከአባይ ማዶም ማዶ ያልቀረም ኦሮሞ አለ። የቡሬ ሰው ይህን ሁሉ አያቱን በስም ሊቆጥር አይችልም፤ በገላው ግን ይዞት ይዞራል።

አሁን ወደ ፍሬው ልመለስ። የአቮካዶን ፍሬ በልቶ ዘሩን የተከለ ሰው ምን እንደሚያገኝ አያውቅም። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ እንደ ሴት፣ ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ እንደ ወንድ። በዚህ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ንቦች ከሌላ ዛፍ ባመጡት ዱቄት ይጸንሳል። እናቱ ጣፋጭ ቅባታም ብትሆን ልጁ ውኃ ውኃ የሚል፣ ቃጫ የበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ከናካቴው የተሻለም ሊሆን ይችላል። ለዚያውም ፍሬውን ለማየት ሰባት ስምንት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ነው። ስለዚህ አትክልተኛ በዘር አይተማመንም። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ተረት አቮካዶ አብቃይ ቢሰማ ይስቃል፤ የእሱ ዘር ወደየት እንደሚስብ ማንም አያውቅምና።

አትክልተኛው የሚያደርገው ይህን ነው። ከአገሬው አቮካዶ ዘር ወስዶ በላስቲክ አፈር ውስጥ ያበቅላል። ችግኙ የእርሳስ ውፍረት ሲያክል አናቱን ይቆርጠውና ግንዱን በስለት ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ የተቆረጠ ለጋ ጫፍ እንደ ሽብልቅ አሹሎ ስንጥቁ ውስጥ ያስገባና በላስቲክ ያስረዋል። ሁለቱ ከቅርፊታቸው ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን ከተገናኘ ቁስሉ ይሽራል፤ ችግኙም በሦስት በአራት ዓመቱ የታወቀ፣ የተጠበቀ ፍሬ ይሰጣል። ሥሩ የአገር ቤት፣ አናቱ የሌላ። የተጋጠሙበት ጠባሳ ዛፉ እስኪያረጅ ድረስ ይታያል። ከጠባሳው በታች የሚያቆጠቁጠውን እየቆረጡ መጣል ግን ግዴታ ነው፤ ቸል ካሉት የታችኛው የላይኛውን ያንቀዋል።

በቆጋ መስኖ ለአውሮፓ ገበያ ጭምር የተመረተው ሐስ የሚባለው አቮካዶ ታሪክ ደግሞ ለብቻው ይነገራል። ሩዶልፍ ሐስ በካሊፎርኒያ የፖስታ አመላላሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዘር ገዝቶ ይተክላል። በአንዷ ችግኝ ላይ የታወቀ ዝርያ ሊያጋጥም ሞከረ፤ አልያዘም። ደግሞ ሞከረ፤ አልያዘም። ሊነቅላት አስቦ ተዋት። ሳትነቀል የቀረችው ችግኝ ስታፈራ ቆዳው ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር፣ ግን ከሁሉ የሚጣፍጥ ፍሬ ሆኖ ተገኘ። ሐስ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣባት፤ ዛፏም እ.ኤ.አ. በ2002 ደርቃ እስክትቆረጥ ኖረች። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የሐስ ዛፍ ሁሉ ከዚያች አንዲት ዛፍ ጫፍ እየተቆረጠ የተጋጠመ ነው። አባቷ ማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። በእኛ አገር አነጋገር ዲቃላ ናት።

እነሆ ወደ ዋናው ቃል ደረስኩ። ይህን ችግኝ የማጋጠም ሥራ ገበሬውም ባለሙያውም «ማዳቀል» ይሉታል። «የተዳቀለ አለ?» ብሎ ይጠይቃል ገዢው፤ ካለ ደስ ይለዋል፤ ከተራው ችግኝ ብዙ እጥፍ ይከፍልበታል። በቆሎውም ድቅል ነው። ከባኮ የወጡት እነ ቢኤች 660 ጎተራውን የሞሉለት ድቅሎች ናቸው። ከዚያም በፊት፣ ሳይንስ የሚባል ነገር ሳይመጣ፣ የመኳንንቱ መቀመጫ በቅሎ ነበረች፤ ካህንም ሙሽራም የሚሽቀዳደምላት። በቅሎ ከአህያና ከፈረስ የተወለደች ድቅል ናት። «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ተብሎ ይተረትባታል እንጂ ዋጋዋ ከፈረስ ይበልጥ ነበር።

ዲቃላ፣ ድቅል፣ ማዳቀል። ሦስቱም ደ፣ ቀ፣ ለ ናቸው። የአንድ ግሥ ልጆች። ችግኝ ጣቢያ ላይ ማሞገሻ የሆነው ቃል መንደር ሲገባ ልጅ የሚያስለቅስ ስድብ ነው። ያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የአባት ስም ሲጠየቅ በእናቱ አባት ስም ይገባል፤ ጓደኞቹ ደግሞ ይህን የማወቅ ልዩ ተሰጥኦ አላቸው። በጨዋታ መካከል፣ ኳስ በተቀማ ሰዓት፣ ቃሉ ይወረወራል። የወረወረው ልጅ ከማን ተማረው? ወላጆቹ ማታ እሳት ዳር ሲያወሩ ሰምቶ ነው።

ይህን ሐሳብ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ሽምግልና ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለች ቀበሌ አጎቴ አርፈው ተዝካራቸው ካለፈ በኋላ የልጆቻቸው ድርሻ ሊነገር ዋርካ ሥር ተቀመጥን። አጎቴ ከሕግ ሚስታቸው አራት ልጆች አሏቸው። ከጋብቻቸው በፊት የተወለደ አንድ ወንድ ልጅም አላቸው፤ እናቱ ቤት አድጎ ለአካለ መጠን ሲደርስ የመጣ። አባቱ ሳይክዱት፣ ግን አደባባይ ላይም «ልጄ» ሳይሉት፣ ወንዝ ዳር ያለች ቁራጭ መሬት ሰጥተውት ነበር። እሱ የተዳቀለ አቮካዶ ተከለባት። አራቱ ልጆች አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ሌላ ሌላ ቦታ ሲሆኑ አባታቸውን በሕመማቸው ጊዜ ሐኪም ቤት ያመላለሰው ይኸው ልጅ ነው።

ታላቂቱ እህት ተነሣች። ረጋ ያለች፣ የተማረች ሴት ናት። «አባቶቼ፣ እኛ የሞተው አባታችን ነው። ደግ ነገር ሠርቶ ከሆነ እግዚአብሔር ይስጠው። ዲቃላ ግን ከመቼ ወዲህ ነው ከልጅ እኩል የሚቆጠር?» አለች። ልጁ ከዳር ተቀምጦ መሬት ይጭራል። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠራረጉና፦ «እንዴት ነው ልጄ፣ የተዳቀለውን ችግኝ በገንዘባችሁ እየገዛችሁ የተዳቀለውን ወንድማችሁን በነፃ አንወስድም አላችሁ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም ሳትወድ ፈገግ አለች። ሽማግሌው ያን ሳቅ ይዘው ገፉ። ያችን ድንጋያማ ቁራጭ ማን አለማት? አባታችሁን ማን ተሸከመ? እያሉ። በመጨረሻ አቮካዶው ያለበት መሬት «ለድካሙ» ለእሱ ይሁን፤ የቀረው ለአራቱ ተባለ። ተፈረመ፤ ተመረቀ፤ ተበላ።

ማታ ከእሱ ጋር እየተጓዝን በሽማግሌው ንግግር ደስ መሰኘቴን ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ሄደና፦ «ጋሼ፣ አቮካዶ ባልተክልስ ኖሮ?» አለኝ።

ጥያቄው ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ሽማግሌው ስድቡን በጥበብ ሰበሩት፤ የሰበሩት ግን ከችግኝ ጣቢያ በመጣ መዶሻ ነው። ዲቃላውን የተከላከሉለት «ድቅል ጥሩ ያፈራል» ብለው ነው። ካላፈራስ? ሰነፍ ቢሆን፣ ጠጪ ቢሆን፣ አባቱ ታመው ሳለ ዘወር ብሎ ያላየ ቢሆን? አራቱ ልጆች ከድካማቸው ሒሳብ አልተጠየቁም፤ ልጅ ስለሆኑ ወረሱ። እሱ ልጅ መሆኑ ሳይሆን ሥራው ተመዘነለት። የወሰደው ርስት አይደለም፤ ደመወዝ ነው። የቤት ልጅ ሰንፎ ይወርሳል፤ የውጭ ልጅ ግን ለመታገሥ ያህል እንኳ ጎበዝ መሆን አለበት።

«ምኒልክስ?» የሚለው የከተማ ሰው መከራከሪያም ከዚህ አይለይም። ዳግማዊ ምኒልክ ሲወለዱ ኃይለ መለኮትና ወይዘሮ እጅጋየሁ በጋብቻ አልነበሩም ይባላል፤ እነሆ ትልቅ ንጉሥ ሆኑ፤ ስለዚህ ዲቃላ አይናቅ። መልካም። ንጉሥ ያልሆነውስ? አድዋን ያላሸነፈው፣ በየመንደሩ ከብት ሲጠብቅ ያረጀው?

ከማሳ የተወሰደ ቃል ሰው ላይ ሲፈርድ ምን እንደሚያመጣ ዓለም አይቶታል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1883 ከብት አርቢና አትክልተኛ ምርጥ ዘር እንደሚመርጡ ሰውም ይመረጥ ለሚለው ትምህርት ስም አወጣለት። ትምህርቱ አሜሪካ ገባ። በቨርጂኒያ ካሪ በክ የምትባል በማደጎ ያደገች ልጅ ተደፍራ ያለ ጋብቻ ወለደች። እናቷ በአእምሮ ደካማነት ተመዝግባ ነበር፤ እሷም እንዲሁ ተባለች፤ የሰባት ወር ሕፃኗንም አዩና «ይችም ጤነኛ አትመስልም» ብለው መሰከሩባት። ሦስት ትውልድ ተቆጠረ ማለት ነው፤ የእኛ ሽማግሌዎች ሰባት እንደሚቆጥሩት። እ.ኤ.አ. በ1927 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘር እንዳትተካ መደረጓን ሕጋዊ ነው አለ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1933 ተመሳሳዩን ሕግ አወጣች፤ ያ መንገድ የት እንዳደረሳት ይታወቃል።

የካሪን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይጨምራሉ። ሕፃኗ ቪቪያን ትምህርት ቤት ገብታ ከጎበዞቹ ተርታ ስሟ ተጠርቷል፤ በስምንት ዓመቷ በሕመም ሞተች። እውነት ነው፤ ይህን ስናነብ ዳኞቹ እንደተዋረዱ ተሰምቶን ደስ ይለናል። ይህ ደስታ ግን ያው የዋርካው ሥር ሳቅ ነው። ልጅቱ ትምህርት ባይገባት ኖሮ ፍርዱ ትክክል ሊሆን ነበር? የካሪ ገላ የሚከበረው ፍሬው ተቀምሶ ጣፋጭ ከሆነ ነው? በእኛም አገር ሳትወልድ የቀረችውን ሴት «ፍሬ አልባ» የምንላት በዚሁ ሚዛን ነው። ዛፍ ላላፈራበት ምሳር ይነሣበታል፤ ሰውን ከዛፍ ጋር ማመሳሰል የጀመረ ምሳሩንም አብሮ ማሰቡ አይቀርም።

በዚህ ረገድ ደረቁ ሕግ ከጥበበኛው ሽማግሌ ይሻለኛል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ምን እንደተከሉ አይጠይቅም። ቀልድ የለው፣ ተረት የለው፣ በቅሎና ችግኝ አያነሣ። በዋርካው ሥር ግን ማንም አላነሣውም፤ ወረዳው ከዚያ ብዙ የማይርቅ ሆኖ ሳለ። ልጁም ወደ ፍርድ ቤት ልሂድ አላለም። ወንድምና እህት ከሶ አሸንፎ በዚያች ቀበሌ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ቃሉን ራሱ ምን እናድርገው? «ማዳቀል» ይቅር፣ ሌላ ቃል ይፈጠር የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ገበሬው በዚህ ቃል ተጣልቶ አያውቅም። ይልቅ የጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ እነ ዋሸራና ጎንጅ፣ «ዘር»ን ለሰዋስው እንዴት እንደተጠቀሙበት ደስ ይለኛል። ለእነሱ ዘር ማለት ከግሥ የሚወጣው ስም ነው። «ገብረ» ካለው «ምግባር» ሲወጣ መነሻዋ «ም» ከግሡ ፊደላት ውስጥ የለችምና ባዕድ ትባላለች። ቃሉን ግን ከቤት አያወጡትም፤ «ባዕድ ዘር» ብለው ከዘመዶቹ ጋር ያስቀምጡታል። ተማሪው ከዚህ በኋላ የሚጠይቀው «ምግባር» ምን ማለት እንደሆነና የት እንደሚገባ ነው። ሰዋስው ሰው አይደለም፤ ይህንንም ምሳሌ ከልክ በላይ እንዳልጎትተው እፈራለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ጉዳይ እዚያ ስደርስ ያን ተጫዋች ሽማግሌ አገኘኋቸውና ያለ ዙሪያ ጠየቅኋቸው። «አባቴ፣ ‹ለድካሙ› ከምትሉ ‹ልጅ ነውና› ብትሉስ ኖሮ ምን ነበረበት?»

ዱላቸውን ተደግፈው ጥቂት አሰቡ። «ልጅ መሆኑንማ ማን አጣው» አሉኝ። «እንዲያ ብንል ግን እህቶቹ መቼ ይፈርሙ ነበር?»